ከመሞት መሰንበት

ደሴ ላይ አንዱን “እንዴት ሰነበትክ?” ስትሉት፣ ግማሽ በቀልድ “ምን ይደረጋል፣ ከመሞት መሰንበት!” ይላችኋል። ኑሮው ከብዶታል፤ ግን አለ። የአባባሉ ትርጉም ይኸው ነው፦ እየተቸገሩም ቢሆን በሕይወት መቆየት ይሻላል፤ ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅምና።

ቀልዱ የሚቀረው ሰው ሲታገት ነው። በየመን ወይም በሊቢያ በኩል ከወሎ የወጣ ልጅ በደላሎች እጅ ይወድቃል። ከዚያ ስልክ ይደወላል፣ ብር ይጠየቃል። ኮምቦልቻ ያለች እናት በሬ ትሸጣለች፣ ዘመድ ያዋጣል፣ ቡና ተፈልቶ ዱዓ ይደረጋል። “አይዞሽ ልጄ፣ ድምፁን ሰምተሽ የለ? ከመሞት መሰንበት” ይሏታል ሽማግሌዎቹ።

አባባሉን ማን ጀመረው ማለት ከንቱ ድካም ነው፤ የሁሉም ነው። የኖሩበትን ሰዎች ካልን ግን ሩቅ መሄድ አያሻም። ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ያለው መቅደላ አምባ የአፄ ቴዎድሮስ ምሽግም እስር ቤትም ነበር። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በ1856 ዓ.ም. ታስሮ የተፈታው በሚያዝያ 1860 ነው። ሊያስፈታው የመጣው ራሳም ደግሞ አብሮት ታሰረ! ታዲያ እግራቸው በብረት ተጠፍሮ ምን ሲሠሩ ከረሙ? አትክልት ተከሉ። በመልእክተኛ እጅ እስከ ምጽዋ ደብዳቤ ላኩ። ለእኔ የአባባሉ ፍሬ እዚህ ጋ ነው። መሰንበት ሥራ ይፈልጋል። ነገ ይፈታ ይገደል የማያውቅ ሰው፣ ችግኝ ካለው ጠዋት ተነስቶ ውኃ ማጠጣት አለበት። አንድ ቀን እንዲህ ይገፋል፤ ሌላውም ይከተላል።

ምኒልክም በልጅነቱ ከሸዋ ተወስዶ አሥር ዓመት ገደማ በቴዎድሮስ እጅ ቆይቷል። በ1857 ከመቅደላ አመለጠ፣ ኋላም ነገሠ። አባባሉን የሚወዱ ሰዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። እኔ ግን አይዋጥልኝም። ያመለጠውን ምኒልክን የተቀበሉት የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ነበሩ፤ የእሳቸው ልጅ ደግሞ እዚያው አምባ ላይ በመያዣነት ታስሮ ነበር። ቴዎድሮስ ተቆጥተው ልጁን አስገደሉት። እሱም እንደ ምኒልክ ቀን ሲቆጥር የኖረ እስረኛ ነው፤ የእሱ መሰንበት ግን በራሱ እጅ አልነበረም።

ለዚህም ይመስለኛል አዋቂ ሰው ይህን አባባል ለቅሶ ቤት የማያነሳው። ልጇን ላጣች እናት የሚባለው ሌላ ነው፦ “እግዜር ያጥናሽ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ።”