ላርፕ ምንድን ነው? ስድብ ስላደረጋችሁት ቃል

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ሐኪም ሳይሆን ሐኪም ነኝ እያለ ስለኖረ ሰው ሲያወራ «ሰውዬው ለዓመታት ላርፕ ሲያደርግ ነበር» አለ። ቃሉን ለማያውቅ አድማጭ አስቦ ትርጉሙንም ጨመረ፤ «ላርፕ ማለት ያልሆኑትን ነኝ ብሎ ሰው ማታለል ነው» አለ።

ቃሉን በዚህ ትርጉም ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። የወታደር ልብስ ለብሶ ፎቶ የሚነሳው «ላርፕ ነው»፤ በተከራየው መኪና ሀብታም ለመምሰል የሚሞክረውም «ላርፕ ነው» ይባላል። እኔ ስዊድን ውስጥ ላርፕ መጫወት ከጀመርኩ፣ በኋላም ማዘጋጀት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስካሁን ዝም ብያለሁ፤ የአሁኑ ግን ትርጉም ሆኖ ስለተነገረ ማለፍ አልቻልኩም።

ቃሉ «ላይቭ አክሽን ሮል ፕሌይ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ስም ፊደላት የተሠራ ነው። ሰዎች ቀን ቆርጠው፣ ቦታ ይዘው፣ ደንብ ተስማምተው የአንድ ታሪክ ሰዎች ይሆናሉ፤ ታሪኩን ተቀምጠው በመተረክ ፈንታ በእግራቸው ይሄዱበታል፣ በእጃቸው ይሠሩታል። አሜሪካ ውስጥ በ1977 ዋሽንግተን አካባቢ የተጀመረው ዳጎርሂርና እንግሊዝ ውስጥ ከ1982 ጀምሮ በፔክፎርተን ግንብ ይካሄድ የነበረው ትሬዠር ትራፕ ከቀደምቶቹ መካከል ናቸው። የሰሜን አውሮፓ ተጫዋቾችና አዘጋጆችም በ1997 ኦስሎ ላይ ከተሰበሰቡ ወዲህ በየዓመቱ እየተገናኙ ስለ ሥራቸው ይከራከራሉ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩን እዚህ ላይ ልተወው፤ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

ውሸት የሚሠራው አንዱ ወገን ሳያውቅ ሲቀር ነው። ያ «ሐኪም» በሽተኞቹ እውነቱን ያወቁ ዕለት ሥራው አበቃ። ላርፕ ግን ሁሉም ሰው ካላወቀ ጭራሽ አይጀመርም።

እቃቃ የተጫወተ ሰው ይህን ለመረዳት እኔ አያስፈልገውም። ጭቃው ወጥ ነው፣ ቆርኪው ሲኒ ነው፣ ቅጠሉ ብር ነው። እናት የሆነችው ልጅ ጎረቤቷን «ቡና ጠጡ!» ብላ ስትጠራ፣ ጎረቤቷ በቆርኪው ውስጥ ያለው የቦይ ውኃ መሆኑ ጠፍቷት አይደለም። እያወቀች ትቀመጣለች፣ ቆርኪውን ወደ አፏ ጠጋ ታደርጋለች፣ «አቦሉ እንዴት ይጣፍጣል!» ትላለች። ከሁለቱ የተታለለችው የትኛዋ ናት? ውኃውን የምር ብትጠጣው ኖሮ ነበር ችግሩ።

እቃቃ ሌላም ነገር ያሳያል። እናት የሆነችውን ልጅ እናት ያደረጋት የትወና ችሎታዋ አይደለም። ሦስት ልጆች መጥተው «እማዬ፣ ራበኝ» ስላሏት ነው። ማንም ባይጠይቃት የቱንም ያህል ነጠላዋን ብታስተካክል እናት አትሆንም። በላርፕም እንደዚሁ ነው። የመርከብ አዛዥ ሆኖ የሚጫወት ሰው መጮህ አይጠበቅበትም፤ ወደ መሪው ክፍል ሲገባ ሌሎቹ ከወንበራቸው ብድግ ካሉ አዛዥ ነው። ካልተነሱለት ልብሱ ላይ አሥር ኮከብ ቢደረድር ዋጋ የለውም። አስመሳይ የሚለፋው ለብቻው ነው። ተጫዋች ግን ሥልጣኑንም፣ ሙያውንም፣ ዝናውንም ከአጠገቡ ካሉት ሰዎች በስጦታ ይቀበላል።

«ታዲያ ቲያትር ነው በለና» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ቲያትር ተመልካች አለው፤ ተዋናዩ የሚናገረው መጨረሻው ረድፍ ላይ ለተቀመጠው እንዲሰማ ነው። በላርፕ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በጨለማ ኮሪደር ለአንድ ሰው ብቻ የተንሾካሾከ ቃል የቅዳሜና እሑዱ ትልቁ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ማንም አይሰማውም፣ መሰማትም የለበትም። በ2013 ዮተቦሪ ላይ «ዘ ሞኒተር ሴለስትራ» የተባለው ላርፕ ሙዚየም በሆነው በስሞላንድ የጦር መርከብ ውስጥ ተካሄደ፤ የስዊድን ባሕር ኃይል መርከብ የጠፈር መርከብ ሆነ። በ2019 ደግሞ ሄልሲንኪ ላይ የ«ኦዲሴየስ» አዘጋጆች አንድ ትምህርት ቤት ወደ ጠፈር መርከብ ለወጡና መቶ ያህል ተጫዋቾች ለ48 ሰዓት በፈረቃ እየተኙና እየበሉ ኖሩበት። ያ ሁሉ ሽቦ፣ መብራትና ቀለም የተደከመበት ውስጡ ለሚኖረው ሰው ነው።

ይህ የትርጉም ስህተት ለእኔ የቃላት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው አዲስ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ስለማየው ነው። ባለፈው የጾም ወራት ባዘጋጀነው የጠፈር ላርፕ ላይ አንዲት እዚሁ ስቶክሆልም ያደገች የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ልጅ መጣች። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ምግብ ነበር። የጾም ነገር እንዳታስብ ነገርኳት፤ ከተጫዋቾቻችን ግማሽ ያህሉ ሥጋም ወተትም ስለማይቀምሱ የመርከቡ ስንቅ ምስር ነው። ዓርብ ማታ የሥራ ቱታዋን ለብሳ፣ ደረቷ ላይ «ሁለተኛ መሐንዲስ» የሚል ፕላስተር ለጥፋ አጠገቤ ቆመች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ትወና አልችልም። ሰው ያምነኛል ብለው ነው?»

ይኸውላችሁ። «ላርፕ ማስመሰል ነው» የሚለውን ሰምታ ነው የመጣችው፤ ስለዚህ የሚጠብቃት ሥራ ሰው ማሳመን መሰላት። እንደ ሌባ እንዳትያዝ ፈርታለች።

«እዚህ ሊያምንሽ የመጣ ሰው የለም» አልኳት። «አብሮሽ ሊጫወት ነው የመጣው።»

ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መርከቡ «ተመታ»። የመሪው ክፍል ሰዎች ኤምፕቲ ኤፕሲሎን በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር መርከቡን ያሽከረክራሉ፤ እዚያ ጉዳት ሲደርስ እኛ ሞተር ክፍል በሠራነው ሳጥን ላይ መብራቶች ይጠፋሉ፣ ፊውዞችም መቀየር አለባቸው። ልጅቷ ከታጣፊ አልጋዋ ተነስታ ጫማዋን ሳታስር ደረሰች። ዋና መሐንዲሱን የሚጫወተው ሰው ሃምሳ ዓመት ያለፈው አሮጌ ተጫዋች ነው፤ ሳጥኑን ስንሠራ አብሮን ስለነበር የትኛው ፊውዝ እንደተቃጠለ ከእኔ እኩል ያውቃል። ግን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ዞረባትና «ሁለተኛ መሐንዲስ፣ ሦስተኛው መስመር ሞቷል። ምን ላድርግ?» አላት።

ትንሽ ዝም አለች። ባትሪዋን በጥርሷ ያዘች፣ ክዳኑን ፈታች፣ ጠቆር ያለውን ፊውዝ በሁለት ጣቷ ስባ አወጣች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባትሪውን ከአፏ አውጥታ «አምስት ደቂቃ» አለች። እሱም ሬዲዮኑን አንስቶ ወደ መሪው ክፍል «መሐንዲሷ አምስት ደቂቃ ብላለች» ብሎ አስተላለፈ። ከላይ «አምስት ደቂቃ፣ ተቀብለናል» የሚል ድምፅ መጣ፤ መርከቡ በሙሉ እሷን ጠበቀ።

ፊውዙ የውሸት ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ልክ ነው፣ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ የገባ ሽቦ ነው። አምስቱ ደቂቃ ግን አምስት ደቂቃ ነበር።

እዚህ ላይ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ሳልጨምር የማላልፈው አለ። የምነግራችሁ ስለ ሰሜን አውሮፓው ስልት ነው፤ እንግሊዝ አገር ብዙ ጨዋታ ላይ የጉዳት ነጥብ ይቆጠራል፣ ደንቡም ይበዛል፣ ማሸነፍና መሸነፍም አለ።

ወደ እቃቃው ልመለስ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ገና ቀርቶኛል። ልጆች ሲጫወቱ አንዱ ከወደቀና የምር ካለቀሰ፣ ወይም የምር እናት ከደጅ ከተጣራች፣ «ጨዋታ ፈረሰ፣ ዳቦ ተቆረሰ!» ይባላል። ያኔ ጭቃው ጭቃ፣ ቆርኪው ቆርኪ ይሆናል። በላርፕ ይህ ቃል ሕግ ነው። እኛ ጋ ሁለት ቃል አለ፤ «ብሬክ» ማለት ቀዝቀዝ አድርገው፣ «ከት» ማለት ሁሉም ነገር አሁኑኑ ይቁም ማለት ነው። ዓርብ ማታ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አዲስ ሰው ሁሉ ቃሎቹን ጮክ ብሎ እንዲል አደርጋለሁ። በሹክሹክታ ከሆነ አልቀበልም።

ለምን እንዲህ ድርቅ እንደምል ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት እኔው ኃላፊ በሆንኩበት ጨዋታ አንድ ተጫዋች ደረጃ ላይ ወድቆ አቃሰተ። በአቅራቢያው የነበሩት የመርከቡ ሐኪሞች ሮጠው መጡ፣ በጨዋታው ፋሻ ጠመጠሙለት፣ በጨዋታው መርፌ ወጉት። እሱ ይጮሃል፣ እነሱ ያጽናኑታል። እኔም ደርሼ አየሁና አሪፍ ትዕይንት ነው ብዬ አለፍኩ። የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር። ቃሉን በችኮላ፣ ልብስ እየቀየሩ ሳለ ስለነገርኳቸው በሕመም መሃል ትዝ አላለውም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ያ ሰው ሲጮህ የሰማሁት እስከ ዛሬ ይሰማኛል። እውነትና ጨዋታ የሚለዩበትን በር ከፍቶ የማይጠብቅ ላርፕ፣ ላርፕ ለመባል አይበቃም። አስመሳይ ደግሞ ይህ በር እንዳይገኝ ነው የሚደክመው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የሚከብደኝ ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

በሩ መኖሩ ግን ተጫዋቹ ያደረገው ሁሉ ይፋቅለታል ማለት አይደለም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንደሚባለው፣ በጨዋታው ውስጥ አገልጋይ አዛዡን ሊቃወም፣ ወዳጅ ወዳጁን ሊከዳ ይችላል፤ ተጫዋቾች ይህን ፈቃድ «አሊባይ» ይሉታል። ይሁን እንጂ በገናም ቢሆን ሩሯን ትቶ ሆን ብሎ የሰው እግር የመታውን ጨዋታ ነው ብሎ የሚያልፈው የለም። «ገጸ ባሕርዬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» እያለ የሰው ገላ ያለፈቃድ የሚነካ ከእኛ ጨዋታ ይወጣል፣ አይመለስም።

ያው ተንታኝ ሌላም ነገር ብሏል፤ «ስሜቱ እውነት ቢሆን ሰኞ ጠዋት አይጠፋም ነበር» አለ። ሰኞ ጠዋት አይጠፋም። ጠፍቶም አያውቅም። ከገጸ ባሕርይ ወደ ተጫዋች፣ ከተጫዋችም ወደ ገጸ ባሕርይ የሚሻገረውን ስሜት «ብሊድ» እንለዋለን፤ ስሙን በ2007 ያወጣችው ኤሚሊ ኬር ቦስ የተባለች አሜሪካዊት የጨዋታ ደራሲ ናት። በጨዋታ የሞተበትን «ወንድሙን» ሰኞ ቢሮ ተቀምጦ የሚናፍቅ ሰው አውቃለሁ። የምር ሕይወቱ ውስጥ ያለውን ንዴት ይዞ ገብቶ ሌላው ላይ የሚያራግፍም አለ። ጥሩም መጥፎም ነው፤ ለዚህ ነው ጨዋታው ሲያልቅ ሰዎችን ዝም ብለን ወደ ባቡር ጣቢያ የማንልካቸው።

እሑድ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራቱን በሙሉ አበራን። በእኛ ልማድ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፣ ከገጸ ባሕርያቸው አንድ ዕቃ አውልቀው መሬት ላይ ያኖራሉ፣ ከዚያ የራሳቸውን ስም ይናገራሉ። ልጅቷ ከዋና መሐንዲሱ ጋር ተቀመጠች። «ሁለተኛ መሐንዲስ» የሚለውን ፕላስተር ከደረቷ ላይ ቀስ ብላ ላጠች፤ እሱ ቆቡን አወለቀ። ሁለት ሌሊት አብረው ሠርተው፣ ከአንድ ድስት ምስር በልተው፣ የምር ስማቸውን እስካሁን አልተነጋገሩም ነበር። እሱ ስሙን ነገራት፣ ግብር መሥሪያ ቤት እንደሚሠራ ነገራት። እሷም ስሟን ነገረችው፤ በትክክል እስኪጠራው ድረስ ሦስት ጊዜ አስደገመችው።

ከዚያ ሁላችንም ተነስተን ወንበሮቹን ወደየክፍላቸው መመለስ ጀመርን። ሰኞ ጠዋት ልጆች ይማሩባቸዋል።