ቢሉ ላይ ያለው 12 ስንት ጀሪካን ነው?

ሰሞኑን ጎረቤቴ የውኃ ቢሏን ይዛ መጣች። «12 ብቻ ነው የሚለው፤ ብሩ ለምን በዛ?» አለችኝ። 12ቱ ሜትር ኪዩብ ነው።

1 ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጀሪካን ይሞላል። 12 ሲባል እንግዲህ 600 ጀሪካን ነው! ጣና አጠገባችን ስላለ ውኃው ከዚያ የሚቀዳ ይመስለናል። የባሕር ዳር የቧንቧ ውኃ ግን በዋናነት ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ነው የሚመጣው። ያንን ስቦ ቤታችን ማድረስ ወጪ አለው።

ይበልጥ ግራ የሚያጋባው እርከን የሚሉት ነገር ነው። ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋም ይጨምራል። ጥቂት የሚጠቀም ሰው በርካሽ እንዲያገኝ የታሰበ ነው፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አከራይና ሦስት አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙበት ግቢስ? እያንዳንዱ ቤት ቢቆጥብም ድምሩ ውዱ እርከን ላይ ይወጣል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። የሚጎዳው አቅም የሌለው ተከራይ ነው።

ቢሉ የዚህ ወር ንባብ ካለፈው ተቀንሶ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ቆጣሪውን በየወሩ ፎቶ አንሱት።

የሚያፈስ ቧንቧም አለ። ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን እዩ። ትንሿ ኮከብ መሳይ ነገር ከዞረች የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። የጎረቤቴ ግቢ ቧንቧ በሴኮንድ አንድ ጠብታ ይጥል ነበር። በቀን አንድ ጀሪካን ገደማ ማለት ነው። ጎማውን ስንቀይረው ቀጥ አለ።