በ15 ነጥብ እየመሩ ታይም አውት መጥራት ምን ይሉታል?

የቅርጫት ኳስ ጨዋታው ያለቀ ያህል ነው። ቡድኑ በ15 ነጥብ ይመራል፣ የቀረው 15 ሰከንድ ብቻ ነው። አሰልጣኙ ግን ታይም አውት (አጭር የጨዋታ ማቋረጫ) ይጠራል። ንቀት ነው?

በፌብሩዋሪ 2022 የአሜሪካው ኮሌጅ ቡድን የሚሺጋን አሰልጣኝ ጁዋን ሃዋርድ እንደዚያ ነበር የተረዳው። ታይም አውቱን የጠራው የተጋጣሚው የዊስኮንሲን አሰልጣኝ ግሬግ ጋርድ ነበር፤ ዊስኮንሲን 77 ለ 63 አሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ በነበረው የሰላምታ ሰልፍ ላይ ሃዋርድ ከጋርድ ጋር ተጨቃጨቀና በግርግሩ መሃል የዊስኮንሲንን ረዳት አሰልጣኝ ጭንቅላቱ ላይ መታ።

በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ኳስ የያዘ ቡድን በ10 ሰከንድ ውስጥ የመሃሉን መስመር ማለፍ አለበት። ካላለፈ ኳሱን ይነጠቃል። ሚሺጋን ደግሞ እየተሸነፈም ቢሆን በሙሉ ሜዳ እየተጫነ (ኳስ የያዘውን ቡድን ከራሱ ሜዳ ጀምሮ እየተከላከለ) ነበር። ጋርድ እንዳለው፣ ተቀያሪዎቹ የመሃሉን መስመር ለማለፍ የቀራቸው 4 ሰከንድ ብቻ ስለነበር አዲስ 10 ሰከንድ ፈልጎ ነው የጠራው። እኔን አሳምኖኛል። «በሰፊው እየመራህ ታይም አውት አትጥራ» የሚለው ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። (በ15 ነጥብ እየተመሩ እስከ መጨረሻው መጫንስ?)

ሃዋርድ 5 ጨዋታ ታገደ፣ 40,000 ዶላርም ተቀጣ። ጋርድም አልተረፈም። ሃዋርድ አልፎት ሊሄድ ሲል ክንዱን ይዞ አስቁሞት ነበርና የእሱ ቅጣት 10,000 ዶላር ሆነ።