ስኪፒንግ ምንድን ነው? ገመዱን ለጊዜው አስቀምጡት

ስኪፒንግ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ገመድ ነው። ሁለት ልጆች ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲያሽከረክሩ፣ አንዷ መሀል ገብታ ስትዘል። እሱም ስኪፒንግ ነው፣ ስህተት የለውም። ግን በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት፣ በተለይ ለትንንሽ ልጆች፣ በዚሁ ስም የሚጠራ ገመድ የሌለው ነገር አለ። ሱቅ የተላከች የ6 ዓመት ልጅ፣ ብሯን ጨብጣ፣ ደስ ብሏት፣ በየእግሯ እንጣጥ እንጣጥ እያለች ስትሄድ አይታችሁ አታውቁም? እሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቀኝ እግር አንድ እርምጃ፣ እዚያው ቀኝ ላይ እንጣጥ። ከዚያ ግራ ይረከባል፤ አንድ እርምጃ፣ እዚያው ግራ ላይ እንጣጥ። ቀላል ይመስላል፣ ግን እስቲ ለሌላ ሰው በቃል ለማስረዳት ሞክሩ፣ እግርም ምላስም ይተሳሰራል። አንዱ እግር ሁለት ሥራ ሠርቶ ነው ለሌላው የሚያስረክበው፤ በዚያ ላይ ምቱ እኩል አይደለም፣ እርምጃው ረዘም፣ እንጣጡ አጠር ይላል።

ከሩጫ ዘግይቶ የሚመጣውም ለዚህ ነው። ልጅ 2 ዓመት ገደማ ላይ መሮጥ ይጀምራል፣ በአንድ እግር መዝለል ከ3 እስከ 4 ዓመት አካባቢ ይመጣል፣ ስኪፒንግ ግን አብዛኞቹ ላይ የሚስተካከለው ከ5 እስከ 7 ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ኬጂ ያለ ልጃችሁ ካልቻለ አትደንግጡ።

በብዛት የሚታይ ነገር ልንገራችሁ። ልጁ በቀኙ ረገጥ፣ እንጣጥ ይላል፤ ግራው ላይ ሲደርስ ግን ዝም ብሎ ይራመዳል፣ ያነከሰ ነው የሚመስለው። እዚህ ጋ «አይደለም! እንደገና!» እያሉ መጮህ ምንም አይረዳውም፣ ምክንያቱም ችግሩ ግራ እግሩ ብቻውን ሰውነቱን ተሸክሞ መነሳት ገና አለመቻሉ ነው። ወደኋላ መለስ በሉ። መሬት ላይ በእንጨት ጫር ጫር አድርጋችሁ ሰኞ ማክሰኞ አጫውቱት፣ በቀኙ ብቻ ሳይሆን በግራውም። ከዚያ እጁን ይዛችሁ ጎን ለጎን፣ በቀስታ፣ «ረገጥ፣ እንጣጥ» እያላችሁ ሂዱ። ሌሎቹ ልጆች በጭብጨባ ምቱን ቢይዙለት ደግሞ እግሩ ከጆሮው ይማራል።

ሩጫስ? «ሩጫ ደሞ ይማሩታል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ይማሩታል። ሩጫ ፈጣን እርምጃ ብቻ አይደለም፣ ሁለቱም እግር ለቅጽበት ከመሬት የሚለቅበት እንቅስቃሴ ነው። ትንሽ ልጅ ሲሮጥ እግሩን ከፈት፣ እጁን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ፣ መሬቱን ደብ ደብ እያደረገ ነው፤ እንዳይወድቅ እየተጠነቀቀ ነዋ። ቀስ በቀስ ክርኑ ይታጠፋል፣ ክንዱ ከተቃራኒው እግር ጋር ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል፣ ዓይኑ ከመሬት ይነሳል። (ስለ ክንድ ካነሳን፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ስለነበር፣ አድጎም ግራ ክንዱን ደብተር እንደያዘ ሰው አጠፍ አድርጎ ነበር የሚሮጠው። በዚያው ክንድ አትላንታ 1996 እና ሲድኒ 2000 ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወስዷል፤ ስለዚህ ክንድ ላይ ብዙ አታካብዱ።)

ከክንድ ይልቅ የሚረሳው መቆም ነው። ልጆች መሮጥ ያውቃሉ፣ ግድግዳ ወይም ጓደኛቸው ላይ ሳይጋጩ መቆም ግን አያውቁም። ጉልበት አጠፍ፣ እርምጃ አጠር ማድረግ መማር አለባቸው። ለዚህ አባሮሽ በቂ ነው፤ መነሳት፣ መታጠፍ፣ ማምለጥ፣ መቆም ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። 50 ልጅ አሰልፎ አንድ በአንድ ማስሮጥ ግን ሰልፍ መጠበቅ ነው የሚያስተምረው፣ በክፍለ ጊዜው አንድ ልጅ ሁለቴ ቢደርሰው ነው። ረባሽ ልጅን «ሜዳውን 5 ዙር ዙር» ብሎ መቅጣትማ ይቅር፣ ሩጫን ከቅጣት ጋር ነው የሚያገናኝበት።

መምህሩ ስኪፒንግን ራሱ ሠርቶ ማሳየት አለበት። ብዙ ትልቅ ሰው ስለረሳው መጀመሪያ ቤቱ ሳሎን ውስጥ ቢለማመድ ይሻላል። ሜዳ ላይ ትልቅ ሰው እንጣጥ እንጣጥ ሲል ልጆቹ መሳቃቸው አይቀርም፤ ስቀው ሲጨርሱ ግን ከኋላው ይከተሉታል።