አሮጌ የሸራ ጀልባ፦ ምኑ ያልቃል፣ ምኑ ይቀየራል

የአሮጌ የሸራ ጀልባ አካልና በላዩ የታሰረው ዕቃ እኩል አያረጁም። እዚህ የምናወራው ሰው ውስጡ እያደረና እያበሰለ ረጅም መንገድ ስለሚሄድበት፣ አካሉ ከፋይበር ግላስ ስለተሠራው ጀልባ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የእንጨት ጀልባ ጥገና ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ እንለፈው።

የፋይበር ግላስ ጀልባ በብዛት መሠራት የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ካርል አልበርግ የነደፈው ፒርሰን ትራይተን የተባለ ጀልባ በ1959 በኒው ዮርክ የጀልባ ትርኢት ላይ ቀርቦ፣ ከ700 በላይ ተሠርቷል። የዚያ ዘመን ሠሪዎች ቁሱን ገና በደንብ ስላላወቁት ለጥንቃቄ ብለው ግድግዳውን አወፍረውታል ይባላል። ወሬው ተጋኗል የሚሉም አሉ። የሆነ ሆኖ የድሮ ጀልባ ግድግዳ ጠንካራ ነው፤ ይህን የሚጠራጠር አንዱን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ይስማው። ውሃ ሰርጎ ከታች በኩል የሚያወጣው እብጠት ብዙ ገዢ ያስደነግጣል፤ ግን ጀልባ የሚያሰምጠው ብዙውን ጊዜ እሱ ሳይሆን ሰው ራሱ በስቶ ዕቃ የገጠመበት ቦታ ነው።

የዕቃ መሰበር ከተነሣ የ1979ኙ የፋስትኔት ውድድር ሳይጠቀስ አይታለፍም። 303 ጀልባዎች ከእንግሊዝ ተነሥተው ከአየርላንድ በስተደቡብ ወዳለው ፋስትኔት ዐለት ሲያቀኑ ከባድ ማዕበል መታቸው፤ 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ከተነሡት ችግሮች አንዱ የመሪ፣ ማለትም ከኋላ ውሃ ውስጥ ሆኖ ጀልባውን የሚያዞረው ሰሌዳ፣ መሰበር ነበር፤ በተለይ ያኔ አዲስ የነበረው የካርቦን ፋይበር የመሪ ዘንግ በበርካታ ጀልባዎች ላይ ተሰብሯል። ከትንንሾቹ ምድብ ውድድሩን የጨረሰው አሰንት የተባለው ጀልባ ብቻ ነው፤ ዓይነቱ ኮንቴሳ 32 ይባላል። የኮንቴሳ ባለቤቶች ይህን ማውራት አይታክታቸውም፤ እውነታቸውን ነው። ለማንኛውም ጀልባው ከውሃ ሲወጣ መሪውን በሁለት እጅ ይዞ መነቅነቅ ጥሩ ልማድ ነው። ከተወዛወዘ ዘንጉ የሚዞርበት ቡሽ የሚባለው ቀለበት አልቋል ማለት ነው።

ምሰሶውን ወጥረው የሚይዙት ገመዶች አብዛኛውን ጊዜ ከ19 የስቴንለስ ሽቦዎች የተገመዱ ናቸው። መሀል ላይ እምብዛም አይበጠሱም። የሚጀምራቸው ጫፋቸው ላይ ነው፤ በተለይ በታችኛው በኩል መያዣው ውስጥ በሚገቡበት ቦታ፣ ጨዋማው ውሃ ወርዶ ወርዶ እዚያ ስለሚጠራቀም። ፍተሻው ቀላል ነው። ጥጥ ወይም ሶፍት ይዞ ገመዱን ወደ ታች መጥረግ። የተበጠሰ ሽቦ ካለ ጥጡን ይይዘዋል፤ በባዶ እጅ ከሆነ ጣት ይዘለዝላል። አንድ ሽቦ እንኳ ከተበጠሰ ገመዱ ይቀየራል፣ ድርድር የለውም። ስለ ዕድሜው ግን አንድ ቃል የለም፤ ብዙ ኢንሹራንሶች ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ እንዲቀየር ይፈልጋሉ፣ በደንብ ከተያዘ ከዚያም በላይ ይሄዳል የሚሉም አይጠፉም።

ዋናው ጣጣ ያለው ገመዶቹ ከጀልባው ጋር በሚታሰሩበት ጠፍጣፋ ብረት ላይ ነው። ስቴንለስ ዝገትን የሚቋቋመው ኦክሲጅን ፊቱ ላይ ስስ መከላከያ ስለሚሠራለት ነው። ብረቱ የጀልባውን የላይኛውን ወለል አልፎ በሚገባበት ቦታ ግን አየር አጥቶ እርጥበት ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዚያ ውስጥ ለውስጥ ይበላል። ከላይ ያለው እያብረቀረቀ ከታች ያለው ተሰነጣጥቆ ሊገኝ ይችላል። አውልቆ ከማየት በቀር መላ የለውም።

ከውሃ መስመር በታች ያሉት፣ ውሃ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ላይ የሚገጠሙት ቫልቮች ደግሞ ሌላ ጉድ ናቸው። ነሐስ ከሆኑ ብዙ ዘመን ያገለግላሉ። ተራ ናስ ከሆኑ ግን የባሕር ውሃ ዚንኩን ከውስጣቸው መጥጦ ስፖንጅ የመሰለ መዳብ ያስቀራቸዋል። በቢላ ጫፍ ፋቅ ሲያደርጉት እንደ ናስ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ወደ ሮዝ ካደላ አብቅቶለታል፤ በጫማ ቢመቱት ሊሰበር ይችላል። ለእንዲህ ያሉ ቫልቮች የወጣው አይኤስኦ 9093 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ዝገትን ይቋቋማል ለመባል የጠየቀው አምስት ዓመት ብቻ ነበር። አምስት ዓመት! ለጀልባ ይሄ ምንም አይደለም። ቱቦዎቹ ከቫልቩ ጋር በሁለት ፋሸታ ይታሰራሉ፤ በየቫልቩ አጠገብ ደግሞ ቢሰበር ቀዳዳውን የሚደፍን ልኩ የሆነ የእንጨት ውታፍ ተንጠልጥሎ መቀመጥ አለበት።

ጀልባውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው የታችኛው ክብደት በትልልቅ ብሎኖች ነው የሚያዘው። በ2014 ቺኪ ራፊኪ የተባለው ጀልባ አትላንቲክ ላይ ክብደቱ ተነቅሎ ተገለበጠ፤ አራቱም ተሳፋሪዎች አለቁ። የእንግሊዝ የባሕር አደጋ መርማሪዎች ቀደም ሲል መሬት እየነካ መጠገኑ መጋጠሚያውን ሳያዳክመው አልቀረም ብለዋል። ስለዚህ አሮጌ ጀልባ የሚገዛ ሰው መሬት ነክቶ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ በመጋጠሚያው ዙሪያ ስንጥቅ ወይም የዝገት እንባ ካየ ደግሞ ስቱኮ ለጥፎ ማለፍ የለም።

ሸራው በፀሐይ ይበላል፤ ስፌቱ ከጨርቁ ይቀድማል።

ሞተሩ ከየብስ ናፍጣ ሞተር ብዙም አይለይም፤ ማቀዝቀዣው ግን የባሕር ውሃ ይስባል። ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ ውስጥ ክንፍ ያላት የጎማ መዘውር አለች። ውሃ ሳያገኝ ለትንሽ ጊዜ ከዞረ ክንፎቿ ይቆራረጣሉ። መቀየሩ ቀላል ነው፣ አራት አምስት ቪቴ ቢፈታ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው የተቆረጡትን ክንፎች መፈለግ ነው። ቁርጥራጮቹ ከውሃው ጋር ተጉዘው ሙቀት መለዋወጫው አፍ ላይ ይሰገሰጋሉ፣ አዲሷ መዘውር ገብታም ሞተሩ ይግላል። ቱቦውን ፈትቶ የጎደሉትን አንድ በአንድ ቆጥሮ ማውጣት ያስፈልጋል።