ምንቸቱ አልተደፋም

ክፉ ዓመት ወደ ትምህርት ቤት በአንድ በር ብቻ አይገባም። የወላጅ ኪስ ይሳሳል። መምህር ይለቃል። አንድ ልጅ አባቱን ይቀብራል፣ ሌላው ጓደኞቹን ሳይሰናበት ይቀራል። ፈተናው ግን ቀኑን ጠብቆ ከች ይላል። በእንዲህ ያለ ዓመት ውስጥ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ መምህር ሁኑ፣ ተማሪ ወይም ወላጅ፣ ዛሬ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4ን አብረን ብናነብ ብዬ አሰብኩ።

ምዕራፉን ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በሱነማይቱ ሴት ነው። ለዛሬ እሷን እንለፋት። ከእሷ በፊትና በኋላ ያሉት ታሪኮች የአንድ ማኅበር ታሪኮች ናቸው። የነቢያት ልጆች ይባላሉ፤ የነቢያት ደቀ መዛሙርት ማለት ነው። በነቢዩ በኤልሳዕ ፊት ተቀምጠው ይማራሉ፣ ከአንድ ምንቸት ይበላሉ፣ ሚስትና ልጆች ያሏቸውም ነበሩ። መምህር አለ፣ ተማሪ አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ ወጥ ቤቱም የጋራ ነው።

መከራቸው ተደራርቧል። ምዕራፍ 2 ላይ የኤልሳዕ መምህር ነቢዩ ኤልያስ ወደ ሰማይ ተወስዶባቸዋል፤ 50 ሰዎች ልከው 3 ቀን ቢፈልጉትም አላገኙትም። ከመካከላቸው አንዱ ሞቶ ሚስቱ በዕዳ ተይዛለች፤ አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ ሊያደርግ መጥቷል። በዚህ ላይ ረሃብ ገባ።

ቁጥር 38 ላይ ቆም በሉ። በምድር ላይ ረሃብ ነበረ ይልና፣ ወዲያው የነቢያት ልጆች በኤልሳዕ ፊት ተቀምጠው እንደነበር ይነግረናል። ትምህርቱ አልተቋረጠም። ኤልሳዕም ሆዳቸውን ረስቶ ማስተማሩን አልቀጠለም። ሎሌውን ትልቁን ምንቸት ጣድ አለው። ይሄ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። በረሃብ ጊዜ ሰው የሚጥደው ትንሿን ድስት ነው፤ ያውም በሩን ዘግቶ። እሱ ግን ትልቁን አለ። የሚጨመርበት ነገር እኮ ገና አልተገኘም!

አንዱ ቅጠል ሊለቅም ወደ ሜዳ ወጣ። የዱር ሐረግ አገኘ። ፍሬውን በልብሱ ሙሉ ይዞ መጣና ከትፎ ምንቸቱ ውስጥ ጨመረው። ምን እንደሆነ ያወቀ አልነበረም። ወጡ ቀርቦ መብላት ሲጀምሩ «የእግዚአብሔር ሰው ሆይ፣ በምንቸቱ ውስጥ ሞት አለ» ብለው ጮኹ።

እስቲ ያንን ሰው አስቡት። እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ተነሥቶ ወጣ። ልብሱን ሞልቶ ሲመለስ ደስ ብሎት ነበር መሰለኝ። ሊያበላቸው ብሎ ሊገድላቸው ምንም አልቀረው። ክፉ ዓመት ላይ እንዲህ ዓይነት ሰው ከየትኛውም ትምህርት ቤት አይጠፋም። ለመርዳት ሮጦ ነገሩን ያባሰ። ተማሪዎቹ እንዳይደነግጡ ብሎ እውነቱን የደበቀ መምህር። ለልጁ ተቆርቁሮ ወላጆችን ከመምህራን ያቃቃረ አባት። እኛ እንዲህ ያለውን ሰው ስሙን እንይዝበታለን። ዓመቱ ካለፈ በኋላም «ይሄን ያመጣብን እሱ ነው» እንላለን። መጽሐፉ ግን ስሙን አልጻፈውም። ኤልሳዕም ማን ለቀመው ብሎ ሲጠይቅ አናነብም። ጥፋተኛ አይጠየቅ እያልኩ አይደለም። ሆን ብሎ ልጆችን የጎዳ ሰው መጠየቅ አለበት፤ በዚህ ድርድር የለም። ሳያውቅ የሳተን ሰው ግን ከእሱ ጋር አንድ ላይ አንፈርጀው።

የጮኹትንም አትለፏቸው። ዝም ለማለት ምክንያት ሞልቶላቸዋል። ወጡ መምህሩ ያዘዘው ነው፣ ጓደኛቸው የለፋበት ነው፣ ሌላ የሚበላ ነገርም የለም። አፍረው ቢውጡት ታሪኩ እዚያው ባለቀ ነበር። በእኛ በአማኞች ዘንድ ደግሞ አንድ አጉል ጨዋነት አለ፤ እምነት ያለው ሰው አያማርርም የሚል። ልጆች ክፍል ውስጥ እየደከሙ፣ መምህራን እየተሰበሩ፣ ስንጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» እንላለን። ምስጋናው ልክ ነው። ደህና ነን የሚለው ግን ውሸት ነው። እነዚህ ሰዎች ሞቱን ሞት ብለው ጠሩት። ደግሞም ዞር ብለው አላሙም፤ ለሚመለከተው ሰው ፊት ለፊት ተናገሩ።

ኤልሳዕ «ዱቄት አምጡ» አለ። ምንቸቱ ውስጥ ጣለውና ለሰዎቹ ቀድተው እንዲያበሏቸው አዘዘ። ክፉ ነገር አልተገኘበትም። ዱቄት መርዝ አይሽርም፤ የሠራው እግዚአብሔር ነው። ዱቄቱን ያመጣ ሰው ግን ነበረ። ያ ዱቄት በረሃብ ጊዜ ከሆነ ሰው እጅ የወጣ ዱቄት ነው። ምንቸቱም አልተደፋም። የበሉት ያንኑ ሞት የነበረበትን ወጥ ነው። ከባድ ዓመት ያሳለፈ ትምህርት ቤት ዓመቱን እንዳልነበረ አድርጎ መዝለል ያምረዋል። ስለሞተው ጓደኛ አይወራ፣ ስለወደቀው ክፍል አይነሣ ይባላል። እኔ ግን እግዚአብሔር በዚያው ዓመት ውስጥ ዱቄት የሚጨምርበት መንገድ አለው ብዬ አምናለሁ።

የመበለቲቱም ነገር እንዲሁ ነው። የነበራት አንድ ማሰሮ ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱን ያበዛው ጌታ ነው፤ ባዶ ዕቃ ያዋሷት ግን ጎረቤቶቿ ናቸው። ዘይቱ የቆመውም ዕቃ ሲያልቅ ነው። እንግዲህ ክፍያ ላቃተው ቤተሰብ ከጸለይን በኋላ ሄደን ስንት ጎደለባችሁ ብለን እንጠይቅ። አባቱን ያጣው ልጅ ከማን ጋር እያጠና ነው? በምዕራፉ መጨረሻ ላይም 20 የገብስ እንጀራ ለ100 ሰው ቀርቦ ተርፏል፤ እሱን ራሳችሁ አንብቡት።

ምዕራፍ 6 ላይ የነቢያት ልጆችን እንደገና እናገኛቸዋለን። አልተበተኑም። እንዲያውም ቦታው ጠበበን እያሉ ነው። እያንዳንዳቸው አንዳንድ ምሰሶ ሊቆርጡ ወደ ዮርዳኖስ ለመውረድ ተነሡ፤ አንዱ ኤልሳዕ አብሯቸው እንዲሄድ ለመነው፣ እሱም እሺ ብሎ ሄደ። እንጨት ሲቆርጡ የአንዱ ምሳር ብረት ውኃ ውስጥ ወደቀ። ወየው ብሎ ጮኸ፤ የተዋሰው ነበር። አሁንም ድሆች ናቸው፤ ሰውየው የራሱ ምሳር እንኳ የለውም። ኤልሳዕ የት እንደወደቀ ጠየቀው፣ ቦታውን አሳየው። እንጨት ቆርጦ ጣለበት፣ ብረቱም ተንሳፈፈ። «ውሰደው» አለው፤ እጁን ዘርግቶ ወሰደው። ቤቱን ሠርተው ይጨርሱ አይጨርሱ ምዕራፉ አይነግረንም፤ በሚቀጥለው ቁጥር የሶርያ ንጉሥ ጦርነት ላይ ነው።