«ዝጉበትና ይውጣለት» አትበሉ፦ ስለ ሱስና ስለ ስሜት ሕመም በየሳምንቱ የምሰማቸው ስህተቶች

የአእምሮ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው አዲስ አበባ ነው። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው በአብዛኛው ወይ ድባቴ አለበት፣ ወይ ባይፖላር (ስሜት ያለ ልክ ወደ ላይና ወደ ታች የሚልበት ሕመም)፣ ወይ ሱስ። ብዙ ጊዜ ደግሞ የስሜት ሕመሙና ሱሱ ተያይዘው ነው የሚመጡት። ከሰውየው ጋር አጎት ይመጣል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ የዕድር ሰው ይመጣል። ሁሉም ምክር አለው። ምክሩ ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው። መስማቱ ሰልችቶኛል፤ ከዚያ በላይ ግን ሰው እየተጎዳበት ነው።

አጫጭሮቹን ላስቀድም።

«የአእምሮ ሕመም የከተማ ሰው ቅንጦት ነው።» አይደለም። ቡታጅራና አካባቢው ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት እየተጠየቀ ጥናት ተሠርቷል። ባይፖላርም ስኪዞፍሬኒያም እዚያው ከገበሬው መሃል ተገኝቷል፤ ብዙዎቹ ሕክምና የሚባል አይተው አያውቁም ነበር።

«ራሱን ስለማጥፋት ካነሳችሁበት ሐሳቡን ትሰጡታላችሁ።» አትሰጡትም። ሐሳቡ ካለ ቀድሞም አለ። በቀጥታ ጠይቁት፤ አብዛኛው ሰው ሲጠየቅ ቀለል ይለዋል።

«አማኑኤል የሚሄደው ያበደ ብቻ ነው።» የአእምሮ ሆስፒታሉ ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ወረፋ የሚጠብቁትን እዩዋቸው። አስተማሪ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ልጅ ያዘለች እናት አለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

«መጠጥ ማቆም የወኔ ጉዳይ ነው። ክፍል ውስጥ ዝጉበትና ይውጣለት።»

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ይህ ምክር ሰው ይገድላል። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው አንጎሉ ከመጠጡ ጋር ተላምዷል። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎል ደግሞ ላለመደንዘዝ በተቃራኒው ይገፋል። ሁለት ሰዎች በር ከዚህና ከዚያ ሲገፉ አስቡ፤ አንደኛው ድንገት ሲለቅ ሌላው በሙሉ ጉልበቱ በርግዶ ይገባል። መጠጥ በድንገት ሲቋረጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ስድስት ሰዓት ገደማ ሲያልፍ እጅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ላብ፣ የልብ ምት፣ እንቅልፍ ማጣት ይከተላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እንደሚያንፈራግጠው ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ሊመጣ ይችላል፤ ሰውየው ቀንና ሌሊት ይምታታበታል፣ ግድግዳ ላይ ነፍሳት ያያል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ ሰውነቱ ይግላል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ እንለዋለን። ካልታከመ ሊሞት ይችላል።

ይህንኑ አሁን በቤተሰብ ዓይን እዩት። ልጁ አርብ ተቆለፈበት። ቅዳሜ ተንቀጠቀጠ፤ «ሱሱ እየለቀቀው ነው» ተባለ። እሑድ ሌሊት መለፍለፍ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ «ያደረበት ተናገረ።» ከዚያ ገመድ ይመጣል።

አንድ የታክሲ ሹፌር እንዲህ ሆኖ መጥቶልኛል። የእጅ አንጓዎቹ ላይ የገመድ ሰንበር ነበረ። አልጋው ላይ ተኝቶ ግራ እጁ መሪ ይዟል፤ ቀኝ እጁ ማርሽ ይቀይራል። አንሶላውን እየጎተተ «ጠጋ በሉ እንጂ፣ ሰው ይግባ» ይላል። የሥራ ልማድ በእንዲህ ዓይነቱ መቃዠት ውስጥ እንደዚህ ይወጣል፤ ልብስ ሰፊው መርፌ ሲያሾልክ፣ ነጋዴው ብር ሲቆጥር ታያላችሁ። ወንድሙ አጠገቤ ቆሞ «ዶክተር፣ ይሄ እኮ የሐኪም ነገር አይደለም» ይለኝ ነበር። ማረጋጊያው ዲያዜፓም፣ ፈሳሽና ቫይታሚን ቢ1 ተሰጠው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሚስቱን በስሟ ጠራት፤ የመኪናው ቁልፍ የት እንዳለም ጠየቃት። ቀኑ ስንት እንደሆነ ስነግረው አላመነኝም።

ስለዚህ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ይህን ያዙልኝ። ጠዋት እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ብሎ አንድ መለኪያ የሚጠጣ ሰው፣ ከዚህ በፊት ሊያቆም ሲል ያንፈራገጠው ሰው፣ ዕድሜው የገፋ ወይም ጉበቱ የታመመ ሰው ቤት ውስጥ በድንገት አያቁም። ሐኪም ቤት ውሰዱት። በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ መጠኑ እየተቀነሰ የሚቆም መድኃኒት አለ። እስክትደርሱ ድረስ መጠጡን በጉልበት አትንጠቁት፤ ይህን ስል ብዙ ሰው ይደነግጣል፣ ግን ነገሩ እንደዚያ ነው። የሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ግሉኮስ ብቻ ሰክታችሁ አትሂዱ። ቢ1 አስቀድሙለት፣ ቢያንስ አብራችሁ ስጡት። ቢ1 ያለቀበት አንጎል የማስታወስ ችሎታውን ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል።

መንቀጥቀጡ ካለፈ በኋላ ነው የእኔ ሥራ የሚጀምረው። «መጠጡን ካቆመ ዳነ» የሚል ሰው በሕክምናው መሃል ነው ጥሎት የሚሄደው። አንዳንዱ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ሳይጠጣ ሲቆይ ድባቴው አብሮ ይለቀዋል። ሌላው ላይ ግን ድባቴው ከመጠጡ በፊትም ነበረ፤ የሚጠጣውም ሊተኛ ብሎ ነው። የዚህን ሰው ድባቴ ሳታክሙ ከመጠጥ ብትለዩት ተመልሶ ይሄዳል።

«ጠበል ከገባ መድኃኒቱን ይተው።» ጠበል አልቃወምም። ታካሚዎቼ ይሄዳሉ፤ ብርታት አግኝተው ይመለሳሉ። «መድኃኒቱን በጠበሉ ዋጠው» የሚሉ አባቶችንም አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጣቸው። የምቃወመው ሰንሰለቱንና መድኃኒት ማስጣሉን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ሊቲየም የሚባለውን የባይፖላር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውሃ ሳይጠጣ ረጅም ሰዓት ከጾመ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ሊበዛበት ስለሚችል ጾም ሲገባ ሐኪሙን ያማክር።

«ጫት ቅጠል ነው፤ ሱስ አይባልም።» ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ ዕፅ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከአወዳይ የሚነሳ መኪና እንደዚያ የሚበረውም ለዚህ ነው። ካቲኖን በተባበሩት መንግሥታት የ1971 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ቅጠሉ ራሱ ግን የለም። ሲያቆሙ ሐራራው አለ፣ ዱካኩ አለ። ደግሞም ጫት ብቻውን አይቆምም፤ ምርቃናውን ለመስበር ማታ ጨብሲ ይመጣል። «ችግሬ መጠጥ ብቻ ነው» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ከሰዓት በኋላ የት እንደሚውል ነው።

«ጫት ነው ያሳበደው» የሚለውም ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ባይፖላር ያለበት ሰው ስሜቱ ወደ ላይ ሲወጣ አይተኛም፣ ያለ ልክ ያወራል፣ ገንዘብ ይበትናል፣ የሚቅመውም ይጨምራል። ቤተሰብ የሚያየው ጫቱን ነው። እኔ የምጠይቀው እንቅልፉ የጠፋው ጫቱ ሳይበዛ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ነው። ጫት ሕመሙን መቀስቀሱ እውነት ነው፤ ግን ጫቱ ሲቀር ሕመሙ አብሮ ይቀራል ማለት አይደለም።

የመጨረሻዋ፦ «መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል፤ ሲሻለኝ አቆምኩት።»

ሊቲየም አያመረቅንም። የድባቴ መድኃኒቱ ፍሉኦክሴቲንም እንደዚያው። «ጨምሩልኝ» ብሎ የሚለምን፣ ለእሱ ሲል የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ልማድ ውስጥ የሚከተው እነ ዲያዜፓምና የሕመም ማስታገሻው ትራማዶል ናቸው፤ የሚገርመው እነሱን ነው ሰው ያለ ማዘዣ ለማግኘት የሚሯሯጠው። ሊቲየም ለባይፖላር እንደሚሠራ አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ካሳየበት ከ1949 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስንጠቀምበት ኖረናል። የሚፈለግበት ክትትል ነው፤ የደም መጠኑ፣ ኩላሊትና ታይሮይድ መመርመር አለባቸው። እንደ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትደርቡበት። በድንገት ካቆማችሁት ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፤ «ሱስ አስይዞኛል» የምትሉት ብዙ ጊዜ ይህንን ነው። ሰው የተሻለው መድኃኒቱን ስለወሰደ ነው። የድባቴ መድኃኒት ደግሞ ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል፤ ከተሻላችሁም በኋላ ቢያንስ ለስድስት ወር ይቀጥላል። ማቆም ከፈለጋችሁ ንገሩን፤ ቀስ አድርገን እንቀንሳለን። ልጅ መውለድ የምታስብ ሴት ቫልፕሮዬት የሚባለውን ሌላ የባይፖላር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ግን ሳታረግዝ ቀድማ ትምጣ፤ ጽንስ ይጎዳል።

ስትመጡ አብሮት የሚያድር ሰው ይምጣ እንጂ አጎት ብቻ አይምጣ። የሚውጠውን ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ኑ። ምን ያህል እንደሚጠጣና እንደሚቅምም ሳትቀንሱ ንገሩኝ፤ የማዘው መጠን በዚያ ላይ ነው የሚወሰነው።